የዳቦ ቤቱ መስታወት

ውድ ወንድሜ፣

እኔ ታናሽ እህትህ፣ ማንም ሳያስገድደኝና አእምሮዬም ሳይዛባ (ይህን ሁለተኛውን አያታችን አይቀበሉትም)፣ ከላክሃቸው ፎቶዎች አንዱን በመቀስ መቁረጤን በታላቅ ሐዘን አምናለሁ። ፍርዱን ከሰላምታው በኋላ ትሰጣለህ።

ጤናህን እንዴት ነህ? ለወጉ ያህል እንዳልጠየቅሁህ ወደ ታች ስታነብ ይገባሃል። እኛ ደህና ነን። አያታችንን ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ እማዬን ወገቧ ያማታል፣ እኔን ደግሞ ሁለቱ ያሙኛል። በስልክ ያልጻፍሁልህ ቤቱ ሁሉ ስለሚያነበው ነው፤ ስልኬ የኔ የሚሆነው ባትሪው ሲያልቅ ብቻ ነው። ይህን ጎረቤታችን ሹፌሩ በእጅህ ያደርስልሃል።

እሁድ እሁድ ፎቶዎችህ ችሎት ይቀርባሉ። አያታችን ዕድሜ ልካቸውን ፎቶ ቤት ስለሠሩ፣ በስልክ የታየ ፎቶ አልታየም ይላሉ፤ ስለዚህ አሳትሜ አመጣለሁ። መነጽራቸውን ይወለውሉና አውቶቡስ ተራው ላይ ሰማይ በዛ፣ ጫማ ጠራጊው ላይ ጥላ አነሰ ይላሉ። እማዬ ለጥላው ግድ የላትም። በረንዳ ላይ የተሰጣ የሰው ልብስ አይታ፣ ይሄ አልታጠበም፣ ውኃ ነክቶ ወጣ እንጂ ትላለች። ሁሉንም ካየች በኋላ ግን ጥያቄዋ አንድ ነበር፦ እሱ ራሱ የታል?

ዓመት ሙሉ መንገድ፣ ሱቅና የማናውቀውን ሰው ላክህልን፤ የራስህን አንድም። ና ስንልህ ሥራ በዛብኝ ትላለህ።

አያታችን ደግሞ አንድ ነገር ደረሱበት። ከተማው በሙሉ ከታች ወደ ላይ ነው የተነሳው። የትልቅ ሰው አገጭ፣ የባንኮኒ ጠርዝ፤ ፊታቸው ቀጥ ብሎ የሚታየው ልጆች ብቻ ናቸው። እኔ ያስተማርሁት ልጅ ቁጭ ብሎ ያነሳል እንዴ፣ ስንፍና ነው፣ ተነስቶ ያንሳ በሉት ብለው ጮሁ። እኔም አብሬ ሳቅሁብህ።

ከዚያ የዳቦ ቤቱ ፎቶ መጣ። ዳቦው ተደርድሯል፣ ሻጯ ታዛጋለች። ታትሞ ስቀበለው ግን ከመስታወቱ ጥግ አንድ ሰው አየሁ። ዊልቸር ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ስታተኩር እንደምታደርገው ምላሱን ነክሶ።

ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። መቀስ ተዋስሁና ጥጉን ቆረጥሁት። ቁራጩን የሂሳብ መጽሐፌ ውስጥ ደበቅሁ፤ እዚያ ከቤታችን ማንም አይደርስም፣ እኔን ጨምሮ። አያታችን የቀረውን አይተው፣ ይሄን ፍየል ነው የቆረጠው አሉ። እማዬ ግን ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳበስ አድርጋ መለሰችልኝ።

ምን ሆነህ ነው? መቼ? ማን አስታመመህ? ለእኛ መንገር አቅቶህ፣ ወይስ እኛ የማንችለው መስሎህ?

የእማዬ ነገር ደግሞ ሰሞኑን ግራ ገብቶኛል። እሱ ራሱ የታል ማለት ትታለች። አናጢ ጠርታ የበራችንን ደረጃ ሳንቃ አስደርባ ተዳፋት አስደረገችው። ለምን ስላት ለአያትሽ ጉልበት አለች። አያታችን ተቆጥተው፣ ደረጃ በሩጫ ነው የምወጣው ብለው ጓሮ ባለው ደረጃ ሊያሳዩን ሄዱና ሁለተኛው ላይ አረፍ አሉ። ቀጥላ ያንተን አልጋ ከፎቅ አስወርዳ ከሳሎኑ አጠገብ ያለው ክፍል አስገባችው። ላይ ይሞቃል አለች። በዚህ ብርድ!

ቁራጩን ከደብዳቤው ጋር ልልክልህ አሁን መጽሐፉን ከፈትሁ። በዚህ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ገለጥሁት። የለም።

ከኋላዬ፣ አንተ ባወጣህልኝ ስም፣ ፌንጣ ብላ ጠራችኝ። እማዬ ናት። መቼ እንደመጣች አልሰማሁም። ደብዳቤውን ልሸፍን ስል ክንዴን ቀስ አድርጋ አነሳችው። አልተቆጣችም። ከሹራቧ ኪስ ቁራጩን አወጣች፤ ከመዳበስ ብዛት ጠርዙ ተላልጧል። ከዚያ ጻፊለት አለችኝ፦ አናጢው በሩን ሊያሰፋ ነገ ይመጣልና የወንበሩን ስፋት ላክልን።

መንገድህ ሁሉ ሜዳ ይሁንልህ።

ታናሽ እህትህ