ክራርህን ከጣሰው ሱቅ አምጥቼዋለሁ

ተስፋሚካኤል፣

የቂሊንጦው ፋብሪካ ሰርቪስ ሊያመልጠኝ ነው። ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ። ውሃ መጥታ ስለነበር ሁለቱንም ጀሪካን ሞልቻለሁ።

ክራርህ አልጋህ ላይ ነው።

ትናንት ጣሰው ሱቅ ሳሙና ልገዛ ስገባ ከመጥረጊያዎቹ መሀል ተሰቅሎ አየሁት። «እዚህ ምን ይሠራል?» አልኩት።

«ተስፋሚካኤል ለልጆችህ ይሁን ብሎ ሰጠኝ። ቤት ውስጥ ሰው ይረብሻል አለ» አለኝ።

አፈርኩ። ለምኜ ነው ያስመለስኩት።

አዎ፣ ከሌሊት ፈረቃ ደክሞኝ ገብቼ «ሁልጊዜ ያው ዘፈን፤ አይሆንልህም፣ ተወው» ብዬሃለሁ። ያውም አከራያችን እትዬ አማረች በር ላይ ቆመው እየሰሙ። ግን አንተስ? «እሺ» ብለህ ሁለት ሳምንት ዝም ትላለህ? ብትቆጣኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሻይ አፍልተህ ትሰጠኛለህ፣ ብርድ ልብሱን ትለቅልኛለህ፣ ቃል ግን አይወጣህም። አናደድከኝ።

ይዤው ባጃጅ ውስጥ ስገባ የክራሩ አንዱ ክር ተበጠሰብኝ። እሱን እኔ አስቀጥለዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ መጫወት ካቆምክ ወዲህ ጠዋት እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ያቺ ሁልጊዜ የምትሳሳትባት የዘፈኑ ቦታ ላይ ስትደርስ፣ ቆም ብለህ እንደገና ስትጀምር፣ ቤቴ መግባቴን የማውቀው በዚያ ነበር። አመሰግናለሁ ብዬህም አላውቅም።

ሰርቪሱ ጥሩንባ እየነፋ ነው።

ነገ ጠዋት ስገባ በዝምታ እንዳትቀበለኝ።

ነቢዩ