ወዴት ነው ሲሉኝ የምሰጠው መልስ

ዘሀራዬ፣

ሰላምታዬ ይቅደም፤ ንዴቴ ከኋላ ይመጣል። ከተለየሽኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። አላህ ቀብርሽን ብርሃን ያድርገው እያልኩ ዱዓ አደርጋለሁ። ዱዓዬን ሳልጨርስ ግን አንድ ጥያቄ ይቀድመኛል፤ ምነው እንዲህ አደረግሽኝ?

ቤቱ ደህና ነው። የጓዳው በር አሁንም ይጮኻል፤ እኔም አሁንም ነገ አስጠግነዋለሁ እላለሁ። ሱቁም አለ፤ ጨርቅ እየለካሁ እሸጣለሁ፤ ልብስ ሰፊው ሞላም በረንዳዬ ላይ መኪናውን እንደረገጠ ነው። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። ያ ከእኔ ቀድሞ ደንበኛ የሚቀበለው ሆዴ የለም። ወገቤን በሱቁ ሜትር ስለካው አንድ ሜትር ከሃያ ሁለት ነበር፤ አሁን አንድ ሜትር ከሦስት ገብቷል። ሞላ ሱሪዎቼን ሁለት ጊዜ አጠበባቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ስወስድለት፣ ጋሽ እንድሪስ፣ ከዚህ በላይ ካጠበብኩት የኋላ ኪሶቹ ሊሳሳሙ ነው ብሎ መለሰልኝ።

አንቺ ዘጠኝ ዓመት ለምነሽ ያጣሽው ይህንን ነው። ስኳር ከተገኘብኝ ቀን ጀምሮ መቼ አሳረፍሽኝ? ዳቦውን ተው፣ ጎመኑን ብላ፣ ሱቅህ ሩቅ አይደለም በእግርህ ሂድ። እንግዳ ፊት ማንኪያ ከእጄ ትነጥቂኝ ነበር። ሠርግ ቤት ሁለተኛዋን ሳምቡሳ ሳነሳ ከሴቶቹ በኩል ዓይንሽ ይደርስብኛል። የስኳሩን ቆርቆሮ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አውጥተሽ፣ ይህን ከነካህ አላናግርህም አልሽ። እኔም አልነካሁትም። ሆዳም ነበርኩ እንጂ ቃሌን አላጠፍኩም።

ለቀስተኛው ከተበተነ፣ ልጃችን ሀያትም ቢቸና ወደ ባሏና ወደ ነርስነት ሥራዋ ከተመለሰች በኋላ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ ያንን ቆርቆሮ አወረድኩት። ከእንግዲህ የሚነጥቀኝ የለም፤ ሦስት ማንኪያ ሙሉ ጨምሬ፣ እያለቀስኩ ልጠጣ ነበር ሐሳቤ። ክዳኑን ስከፍተው ስኳር የለበትም። የደም ግፊትሽ ኪኒን ነው ያለበት፤ ከነማሸጊያው፣ አንድም ሳይጎድል፣ የስንት ወር! እኔ የማልከፍተው ዕቃ በቤቱ ውስጥ ያ ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ኪኒኑ ራሴን ያዞረኛል ብለሽ አንድ ጊዜ ነግረሽኝ ነበር። ሀያት ሐኪሙ ይቀይርልሽ አለችሽ፤ እሺ አልሽ። ዋጥሽ ወይ ስልሽ፣ ውጫለሁ፣ ይልቅ አንተ የራስህን አስብ ትይኛለሽ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚሉት አንቺን ነው። በመጨረሻው ቀንሽ ግቢ ውስጥ ስትወድቂ እጅሽ ላይ የነበረው እኮ ለእኔ የምትቀነጥሺው ጎመን ነው።

ከዚያ ወዲህ ስኳር በአፌ አልዞረም። ሌላው ሰው ምክር ሰምቶ ይከሳል፤ እኔ በእልህ ከሳሁ።

ሀያት ደግሞ በስልክ በየቀኑ ተራመድ አለችኝ። ከሱብሂ ሶላት መልስ ጀመርኩ። ሞጣ ውስጥ ያለ ጉዳይ መራመድ እንደማይቻል ያወቅሁት ያኔ ነው። ጋሽ እንድሪስ፣ በጠዋት ወዴት ነው? ወዴትም ብል ማን ያምነኛል? አንድ ቀን ወፍጮ ቤት አልኩ፤ እህሉስ አሉኝ። በማግስቱ ሰው ልቀበል መናኸሪያ አልኩ፤ አንዱ ባለ ባጃጅ ካላደረስኩዎ ብሎ በግድ አስገብቶ ወሰደኝ፤ ይባስ ብሎ የሌለውን እንግዳዬን አብሮኝ ሊጠብቅ ቆመ። ስፖርት ነው ያልኩ ቀን ሳቃቸው እስከ ሱቄ ተከተለኝ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሞላ ራሱ መንገድ ላይ ገጠመኝ። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ የምዋሸውም አልቆብኛል። ፊት ለፊቴ ወደ መቃብሩ የሚወስደው መንገድ አለ። ዘሀራን ልዘይራት አልኩት። ሞላ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ወዲህ አገር ከማያውቅ እንግዳ በቀር ወዴት ነው ያለኝ የለም። ባጃጆቹ እንኳ በአጠገቤ ሲያልፉ ዘፈናቸውን ይቀንሳሉ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነብኝ። ሚስቶች ባሎቻቸውን፣ እንድሪስን አይተህ ተማር እያሉ መግቢያ አሳጧቸው፤ ባሎቹ እኔን በክፉ ያዩኛል። ክሳቴን ሁሉ ለሐዘን ሰጡት። እንዴት ቢወዳት ነው እያሉ ከንፈር ይመጡልኛል፤ ያን ሁሉ ጎመን የሚቆጥርልኝ ሰው ጠፋ! ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ውሸት እያደር ከበደ፤ የቀለልኩት እኔ ነኝ።

እውነቱን ልንገርሽ። ከቀብርሽ ቀን በኋላ አንድም ቀን አልገባሁም። በየጠዋቱ እስከ መቃብሩ ግቢ በር እሄዳለሁ፤ ከዚያ እመለሳለሁ። ብገባ እንደ ሰው ማልቀስ እንደማልችል አውቃለሁ፤ እጮኽብሻለሁ። ሙት ላይ የሚጮኽ ሰው ምን ይባላል?

ባለፈው ሳምንት ሀያት ከቢቸና መጣች። ስኳሬን ለካችና ደስ አላት። ሻይዋን እንኳ ሳትጨርስ፣ አባዬ፣ እማዬ ጋ ውሰደኝ አለችኝ። አንተ በየቀኑ የምታያትን እኔ አንድ ቀን አላየኋትም አለች። እውነቷን ነው፤ የቀብርሽ ዕለት ሴት አይወጣም ተብላ ቤት የቀረች ልጅ ናት። ምን ብዬ እንቢ ልበላት?

በሩን ገፍቼ ገባሁ። የተውኩት ቀይ ትኩስ አፈር ነበር፤ ክረምት አልፎበት ሁሉም ሣር ለብሷል፤ ድንጋዩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ወደ ግራ ሄድኩ፤ ተመለስኩ። ወደ ቀኝ ሄድኩ። ሀያት ከኋላዬ ትከተለኛለች። ሚስቱን በየቀኑ የሚዘይረው የሞጣ ምሳሌ የሚስቱን መቃብር አጣው። ዘሀራ፣ በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

መቃብሩን የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ ጋሽ ኑርዬ፣ ጥግ ላይ ሣር ያጭዳሉ። በየጠዋቱ ከበሩ ስመለስ የሚያዩኝ እሳቸው ናቸው። ማጭዳቸውን አስቀመጡና፣ እንድሪስ፣ ዛሬ ከልጅህ ጋር ነህ፣ በዚህ በኩል ይቀርባችኋል ብለው ፊት ፊታችን ሄዱ። ከአንድ ወይራ ሥር ቆሙ። ፊቴን ሳያዩ ወደ ማጭዳቸው ተመለሱ።

ዙሪያሽ ታርሟል፤ ድንጋዮቹ ተስተካክለው ተደርድረዋል። ሀያት ጎንበስ ብላ አየችና፣ እንዴት አድርገህ ጠብቀህልኛል አባዬ ብላ እጄን ሳመችው። እጄን! አንዲት ሣር ያልነቀለውን እጅ!

ከዚያ በኋላ መቻል አልሆነልኝም። የበሩን ነገር፣ የቆርቆሮውን፣ የኪኒኑን፣ ሁሉንም አፈረጥኩት። ትቆጣኛለች ስል ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ለእኔም ውጫለሁ ትለኝ ነበር፤ እኔ ነርስ ሆኜ አምኛት አለች። ለካ ልጄም ይህን ያህል ጊዜ ቢቸና ሆና እንደ እኔው ስትንገበገብ ኖራለች። ያኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተቆጣሁሽ። ሰምተሽ እንደሆነ ጋሽ ኑርዬም ሰምተዋል። ስኳሬን ከምትጠብቂልኝ አንድ ፍሬ ኪኒን ብትውጪልኝ ምን ነበረ? ቆርቆሮ ውስጥ ከምትደብቂው አሁንም ራሴን ያዞረኛል ብትይኝ ምን ነበረ? ሀያት እያለቀሰች፣ በላት አባዬ፣ ንገራት ትለኛለች። ስጮኽ ስጮኽ ድምፄ አለቀ፤ መጨረሻ ላይ የወጣኝ፣ ናፍቀሽኛል የሚለው ብቻ ነው።

አሁን በየጠዋቱ እገባለሁ። ሣርሽን ራሴ እነቅላለሁ፤ ጎንበስ ስል ሆዴ አያግደኝም፤ ይህንንስ አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ። ንዴቴ አልወጣልኝም፤ ይዤው እመጣለሁ፤ አንዳንድ ቀን አንድ ሁለት ቃል እናገርሽና እመለሳለሁ። የስኳር በሽታ ኪኒኔን የማስቀምጠው በዚያው በስኳሩ ቆርቆሮ ነው። ከቁም ሳጥኑ አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አድርጌዋለሁ፤ ክዳኑን ጥዬዋለሁ። ሀያት በስልክ ዋጥክ ወይ ስትለኝ ቆርቆሮውን አንስቼ አንኳኳላታለሁ፤ እሷም የራሷን ደም ግፊት በየወሩ ተለክታ ልትነግረኝ ምላልኛለች።

ከበሩ በስተቀኝ፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ ከወይራው ሥር። እግሬ እስከቻለ ድረስ አልረሳውም። ነገም አንድ የማያውቀኝ እንግዳ፣ አባት፣ በጠዋት ወዴት ነው ቢለኝ ያንኑ እለዋለሁ፤ ዘሀራን ልዘይራት።

ባልሽ እንድሪስ