በቁም ለመግባት

ፍራንክፈርት፣ ማክሰኞ ኦክቶበር 9 ቀን 2012

አልተንሃይም፣ መጦሪያ ቤቱ ውስጥ፣ አብራኝ አረጋውያን የምታስታምመው ፊሊፒናዊቷ ማሪሳ ጡረታ ወጥታ አገሯ ልትገባ ነው። «የክራንከንካሰ የጤና መድንሽ እኮ እዚያ አይከፍልልሽም! ብትታመሚስ?» አልኳት። ሳቀች። ለካ እሷን ጨምሮ እዚህ አብረው ያረጁ ስምንት ነርሶች አገራቸው አንድ መንደር ውስጥ ጎን ለጎን ቤት ሠርተዋል። ከጡረታቸው በየወሩ ለሕክምና ያዋጣሉ፤ የታመመችዋን ደግሞ ጤነኞቹ በየተራ ያስታምማሉ። «ስንት ሰው አስታመናል፤ እርስ በርሳችን ያቅተናል እንዴ?» አለችኝ።

ወይ ጉድ! በኡባን ባቡር ሰፈሬ ሪደርቫልድ እስክደርስ ስደመም መጣሁ። እኛም እድር አለን። እኔ ራሴ አንድ ወር አሳልፌ አላውቅም። የምናዋጣው ግን ሬሳችን አገሩ እንዲገባ ነው። በቁማችን እንድንገባ እናዋጣ ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም።