ስለ አንዲት ቁንጥር ጨው ለገበያው ሹም የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ሲኞር ኮሚሳርዮ፣ የምዕራብ ገበያ የበላይ ሹም፣
ባሉበት።

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? የኮልፌ ብርድ አልጠናብዎትም? ፈጣሪ ጤናዎን ይጠብቅልን፤ እርስዎ አንድ ነገር ቢሆኑ እኛን በየማለዳው ማን ያስተካክለናል? እኔ የጉታ ልጅ ድንቅነሽ፣ የአረቡ ነጋዴ የሳልህ ሚስት፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል ሰምቼ ስላደግሁ ክስ አላቀረብሁም። ምስጋናዬን ብቻ ሕዝብ ያንብበው ብዬ በገበያው በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ባሌ ከኤደን መጥቶ ኮልፌ ላይ ጨውና ላምባ ሲቸረችር ፀጉሩ ሸብቷል። ይህ ንግድ ኋላ ቀር መሆኑን የነገረን አልነበረም። ክብር ለእርስዎ ይሁንና፣ ከባሕር ማዶ ብዙ ገንዘብ ይዞ አገር ሊያለማ የመጣው የጣሊያን ኩባንያ ሱቃችንን ከነመደርደሪያው ተረከበን፤ እኔንም ከገዛ ባንኮኒዬ ኋላ ሻጭ አድርጎ ቀጠረኝ። እሰይ! በራስ ቤት እንግዳ ሆኖ መዋል ለካ ሥልጣኔ ኖሯል።

ሁለተኛ፣ ጎረቤቴ ሰርኬ ጨው ገዝታ እንደ ወጉ መርቂልኝ ብትለኝ፣ እጄ ለምዶበት ቆንጠር አድርጌ ጣል አደረግሁላት። እኛ ዘንድ ሳይመርቅ ወደሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛ አይመለስም። የኩባንያው ኃላፊ ግን ሚዛን ላይ ያልወጣ ሁሉ ስርቆት ነው ብሎ ጮኸ። ባሌ የዋህ ነው፤ ምርቃት የንግድ በረከት መሆኑን ቢያስረዳችሁ የሚገባችሁ መስሎት፣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ ብሎ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጣ። እናንተም ኤደን በእንግሊዝ የምትገዛ ናትና የኩባንያውን ገበያ የሚያበላሽ የእንግሊዝ ዜጋ ነው ብላችሁ፣ ቅዳሜ በባቡር ከአገር እንዲወጣ ፈረዳችሁበት። ሰውዬው እንግሊዝ መሆኑን እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር፤ ስለነገራችሁት እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፣ ልጃችን አልፊያ ገና አራት ዓመቷ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ፣ ልጅ የአባቷን ዜግነት ስለምትከተል አብራው ትሄዳለች፣ እናቲቱ ግን የአገር ተወላጅ ስለሆነች ይለፍ አይሰጣትም ብሏል። ደጅ ብጠና ዘበኛዎ አባረረኝ። ቄሱንም ሼሁንም አማላጅ ብልክ ሁለቱንም እኩል አባረሯቸው፤ አድልዎ አለመኖሩን አይተን ተደስተናል። ሲኞር፣ የማደርገው ጠፍቶኛል።

ከነጎጆዬ በልማትዎ የተጠረግሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣
ድንቅነሽ ጉታ፣ ከኮልፌ
ጥር ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ፀሐፊዎ የጻፈው የጉዞ ወረቀት፣ ሁለት ሳጥን፣ አንድ ምንጣፍ፣ አንዲት ሴት ልጅ ይላል። ሳጥኖቹንና ምንጣፉን ኩባንያው ይውሰዳቸው፤ ልጄን ግን ይተዉልኝ። እናት ካለችዎት ዛሬውኑ ይጻፉላትና፣ ልጅ ከዕቃ ጋር ይቆጠራል ወይ ብለው ይጠይቋት። መልሷ ከቅዳሜ በፊት ባይደርስ ለእኔ አይሆነኝም፤ ለእርስዎ ግን ይጠቅምዎታል።