ለቡና አልጋዎች የተመደበችው አዋላጅ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ኢሳይያስ፣ የዲጂታል ሕዝብ ግምት ፕሮጀክት አስተባባሪ
ቦንጋ

ጉዳዩ፦ ሰው የሌለበትን መንደር ስላገኙልን ምስጋና ስለማቅረብ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማሽንዎ ደህና ይሆኑ ዘንድ ምኞቴ ነው። እኛም ደህና ነን እንዳልልዎ በካርታዎ መሠረት የለንም።

ተክለጻድቅ ሣህሌ እባላለሁ፤ ከዋጫ ወደ ጫካው ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬድ መንደር የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። የመንደሩን ስም ብጽፈው ካርታዎ ላይ ስለማያገኙት እርስዎን ማድከም አልፈለግሁም። ባለፈው ወር ቦንጋ ላይ በሰጡት ገለጻ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። የነርቭ መረብ የሚሉት የኮምፒውተር ጥበብ ከሳተላይት ምስልና ከካርታ ጣሪያ እየለየ፣ በእያንዳንዷ መቶ ሜትር በመቶ ሜትር መሬት ላይ ስንት ሰው እንደሚኖር እንደሚገምት፣ ቤት ለቤት መዞር የሚባለው ኋላ ቀር አሠራርም እንዳበቃለት ሲያስረዱ እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። መንደራችን ዜሮ መባሉን የሰማሁት ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ጎረቤት ስለሰጡን። ከእኛ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለ። በታኅሣሥ ቡናው በረጃጅም የማስጫ አልጋዎች ላይ ተሰጥቶ ፕላስቲክ ሲለብስ ከሰማይ ለሚያየው ያብረቀርቃል። ማሽንዎ አንድ መቶ ሦስቱን አልጋዎች አንድ መቶ ሦስት ቤት አድርጎ፣ ለየቤቱ አራት አራት ሰው አድሎ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ነዋሪ ያለው መንደር ቆረቆረ። እዚያ የሚኖረው ጥበቃው አቶ ደጉ ብቻ ነው፤ እሱም ወንደላጤ ነው።

2ኛ. ስላላዩን። እኛ ሁለት መቶ ስድሳ ሰባት ነን። የሣር ጣሪያችንን እንሰት ይጋርደዋል፣ እንሰቱን ደግሞ ትልልቅ ዛፎች። ዛፍ እንዳንቆርጥ በየስብሰባው እንመከራለን፤ ቆርጦ የተገኘም ይቀጣል። እኛም ምክር ሰምተን ባለመቁረጣችን ጫካ ተባልን። ብንቆርጥ ወንጀለኞች ነን፣ ባንቆርጥ የለንም፤ ክቡርነትዎ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡልን።

3ኛ. ስለ ሲስተር ኸይሪያ፤ ያስጻፈኝም ይኸው ነው። ከጅማ መጥታ አራት ዓመት ያዋለደችልን ይህች ሴት በካርታዎ መሠረት «ሕዝብ ወዳለበት» ተዛውራለች። ዛሬ በማስጫ አልጋዎቹ መካከል በተተከለ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ የአቶ ደጉን የደም ግፊት ትለካለች፤ በዞኑ ውስጥ እንደ እሱ የደም ግፊት ክትትል የሚደረግለት ሰው ያለ አይመስለኝም። እዚህ ሰው የለም ብላ ሦስት ጊዜ ሪፖርት ጻፈች፤ ሲስተሙ የሚቀበለው የካርታውን ቁጥር ብቻ ነው ተባለች። ምራቴ አብርሆት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። በመካከል ያለው ወንዝ ሲሞላ የእንጨት ድልድዩን ይዞት ይሄዳል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዲሉ አዋላጅ አለን፣ የምታዋልደው ግን ቡና ነው። ደብዳቤ በጨዋነት ይጻፍ ብዬ እንጂ፣ አቶ ኢሳይያስ፣ ንዴቴ ከልክ አልፏል፤ ፍርሃቴም እንዲሁ።

4ኛ. ስለ ሙያው። በ1999 ዓ.ም. እኔም ሕዝብ ቆጣሪ ነበርኩ። እትዬ በዛወርቅ ቤት ደርሼ ደጃፍ ላይ እንደቆምኩ ልጠይቅ ብል፣ ቆሞ የሚቆጠር ከብት ነው ብለው ቆጮ እስክበላ ድረስ የአንድ ልጅ ስም እንኳ አልነግርህም አሉኝ። ተቀመጥኩ። እየበላሁ ሳለ ከጓዳ ሳል ሰማሁ፤ ታማ የተኛች ልጅ ነበረች፣ ደጃፍ ላይ ቆሜ ቢሆን ኖሮ ሳትቆጠር ትቀር ነበር። ማሽንዎ መቀመጫ የለውም። እርስዎ ግን እንዳለዎት በአዳራሹ አይቻለሁና መጥተው ቢቀመጡ ቆጮው ዛሬም አለ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አብርሆትን ምጥ ሳይዛት ሲስተር ኸይሪያን ይመልሱልን።

ዕውቀትዎ እንደ ሳተላይትዎ ከፍ እንዳለ ይኑር፣ እግርዎ ግን አንድ ቀን መሬት ይንካ እያልኩ፣ ከዛፍ ሥር ሆኜ እጅ እነሳለሁ።

ሰው የማይኖርበት መንደር ነዋሪ
ተክለጻድቅ ሣህሌ

ግልባጭ፦ ለአቶ ደጉ፣ የአራት መቶ አሥራ ሁለት ሕዝብ ጥበቃ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ ሳይላክ አብርሆትን ያለጊዜዋ ምጥ ያዛት። የመንደሩ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው ወንዙን አሻገሯት፤ ድንኳኑ ድረስ ግን አልደረሰችም። ሲስተር ኸይሪያ ጩኸቱን ሰምታ ሮጣ መጥታ በመጀመሪያው የማስጫ አልጋ ላይ አዋለደቻት። ብዙ ደም ፈሷት ነበር፤ በፈጣሪ ቸርነትና በሲስተር እጅ ተርፋለች፣ ልጁም ደህና ነው፣ ወንድ ነው። እንግዲህ ማሽንዎ ካለው ሕዝብ ውስጥ አቶ ደጉና የልጅ ልጄ፣ ሁለቱ በእውነት ተገኝተዋል። አዋላጅ መድባችኋልና የቀሩትን አራት መቶ አሥሩን እርስዎና ባልደረቦችዎ መጥታችሁ ውለዱ።