አንቺ የሚለኝ አሰልጣኝ

ልጄ፣ የያዝሽው ይቅናሽ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽም ጉልበቱን እያማረረ አለ።

በስልክ የላክሽልኝ የስፖርት ቪዲዮ ላይ ያለው አሰልጣኝ ግን ምን ዓይነት ስድ ነው? ገና ከመጀመሩ «ቁጭ በይ! ተነሺ! ዝለይ!» አለኝ። እርስዎ ማለት የማያውቅ! ተናድጄ ዘጋሁት። አባትሽ ሲስቅብኝ ጊዜ እልህ ያዘኝና መልሼ ከፈትኩት። የሳሎኑን ጠረጴዛ ገፍቼ ስድስት ሳምንት ሙሉ ላብ በላብ ሆንኩ።

ትናንት ታዲያ፣ አምና ወድቄ ጎረቤት ካነሳኝ ከዚያው ወለል ላይ፣ ወንበርም ሰውም ሳልይዝ ብድግ አልኩ! አባትሽ አጨበጨበ። አሰልጣኙም «ጎበዝ! በርቺ!» አለ። ከእንግዲህ አንቺ ይበለኝ፤ ፈቅጄለታለሁ።

እስክንገናኝ ጤናሽ አይጉደል። ስትመጪ ሻንጣሽን አራተኛ ፎቅ ድረስ የምሸከመው እኔ ነኝ፤ እባክሽ እንዳትቀሚኝ።

እናትሽ