መንትያው መንገድ ላይ የሌሉ ሰዎች

ሰኞ፣ ኦክቶበር 2021

ትናንት ከቸርች ስንወጣ እትዬ አስቴር ክሊቭላንድ አቬኑን እየተሻገሩ መሃል ላይ ሳሉ መብራቱ ተለወጠባቸው። ጉልበታቸውን ሰርጀሪ ካደረጉ ወዲህ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት። አንዱ መኪና ክላክስ ሲያስጮህባቸው ደንግጠው ቆሙ። ሮጬ እጃቸውን ያዝኩ። «ምንም አልሆንኩም ልጄ፣ ለምጄዋለሁ» አሉኝ። ቤክስሊ የሚባለው ሰፈር አንዲት አሮጊት ስለሚያስታምሙ በየቀኑ እዚያ ጋ ተሻግረው ነው አውቶቡስ የሚይዙት።

ሐሙስ እኔና የመሥሪያ ቤቴ የትራፊክ ባለሙያዎች ያንን የእግረኛ መብራት ልናሳጥረው ነው።

አሳጥሩ ያለን ዓመት ሙሉ የለፋንበት ዲጂታል መንትያ ነው። የመንገዱ ቅጂ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፤ አውቶቡሱ፣ መኪናው፣ መብራቱ፣ እግረኛው። እዚያ ሞክረን የተሳካውን እውነተኛው መንገድ ላይ እናውላለን። ቸርቹ ጋ ያለውን ጨምሮ በአራት መስቀለኛ መንገዶች የእግረኛው ጊዜ ቢያጥር አውቶቡሱ ቶሎ ያልፋል። ዛሬ ከፍቼ እግረኞቹን አየኋቸው። ሁሉም እንደ ጎረምሳ ይፈጥናሉ። የሚያነክስ የለም። ዊልቸር የለም። ሶፍትዌሩ የሰጠንን ፍጥነት ማንም አልነካውም። እኔም ጭምር።

ማክሰኞ

ለባለቤቴ ነገርኩት። ዳዊት እዚያው መስመር ላይ አውቶቡስ ይነዳል፤ ሐሙስን በጉጉት ነው የሚጠብቀው። «‹ለምን ዘገየህ› እየተባለ ቀኑን ሙሉ የሚሰደበው እኔ ነኝ። በዚህ መዘግየት ሥራውን ያጣ ተሳፋሪ አለ» አለ። እውነቱን ነው። ራቱን በልቶ ሳያወራኝ ተኛ።

ረቡዕ

ከቤት ሠራሁ። ቀስ ብለው የሚሄዱ ሰዎች ጨምሬ የመንገዱን ቅጂ እንደገና አስኬድኩት። እንደፈራሁት ሆነ። ሦስቱ መስቀለኛ መንገዶች ደህና ናቸው። ቸርቹ ጋ ያለው ላይ ግን ሰዎቹ መሃል መንገድ ይቀራሉ። ስክሪኑ ላይ ነጥቦች ናቸው። አንዷ ነጥብ እትዬ አስቴርን መሰለችኝና ላፕቶፑን ዘጋሁት።

አለቃዬን ኬረንን ኮል አድርጌ ውጤቱን ነገርኳት። «ነገ ስብሰባው ላይ አንቺው ንገሪያቸው» አለችኝ። ተቆጥታ ይሁን አዝና አልገባኝም። ልጄ ሩት ሰምታ ኖሮ በእንግሊዝኛዋ «ከሥራ ሊያባርሩሽ ነው እንዴ?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። ልጸልይ ተንበርክኬ ቃል አልወጣ አለኝ።

ሐሙስ

ተናገርኩ። ስብሰባው በዙም ነው፤ ከዳውንታውን የከተማው አስተዳደር ሰዎች ገብተዋል። አንዱ፣ «እንደዚያ ቀስ ብሎ የሚሻገረው ስንት ሰው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አላውቅም። ቆጥረን አናውቅም» አልኩት። እነሱ ሲነጋገሩ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ሦስቱ ዛሬውኑ ይጀመሩ፣ ቸርቹ ጋ ያለው ይቆይ ተባለ።

ኬረን ከዚያ በኋላ አልደወለችም።

አርብ

ዳዊት ከሥራ ገብቶ ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ «በሦስቱም አረንጓዴ አገኘሁ» አለኝ። «ቸርቹ ጋ ግን ቆምኩ።»

ሊወቅሰኝ መስሎኝ ላፕቶፔ ላይ አቀረቀርኩ።

«ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ከፊቴ ተሻገሩ። ስንት ዓመት ነድቼበት እንደዚህ ያለ ሰው ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም።» ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቤ ተቀመጠ።

ማምሻውን ኬረን ኢሜይል ላከች። «ሰኞ እንነጋገር» ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም። ደጋግሜ አነበብኩት። የሚያስፈራም የሚያጽናናም ቃል የለበትም። ዳዊት ስልኩን ከእጄ ወስዶ፣ «ሰኞ ሲደርስ ይታያል፤ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም» አለኝ።

በላሁ።